ውሃ በዘንዶው ማዕዘን

ዜያ ጡሩምባውን ለአራተኛ ጊዜ ቢያስጮህም ከፊቱ የተገተረው አውቶቡስ ንቅንቅ አላለም። የሱሌ ቤተ መቅደስ ወርቃማ ጉልላት ከአደባባዩ መሃል ወለል ብሎ ይታያል፤ መድረስ ግን የለም። በያንጎን መንገዱ ሁሉ ወደ ሱሌ ይሄዳል፣ መኪናው ሁሉ ደግሞ እዚያው ሄዶ ይቆማል።

«ዛሬ እንኳ ቢቀርስ፣ አባባ?» አለ።

አባቱ ኡ ካውንግ ከኋላ ተቀምጠው አበባቸውን እንዳቀፉ ናቸው።

«አይቀርም» አሉ።

ሐሙስ በመጣ ቁጥር ይኸው ነው። ዜያ ታክሲ ነጂ ነው፤ ግማሽ ቀኑ በዚህ አደባባይ ቀልጦ ይቀራል። ባለፈው ሳምንት አርባ ስድስት ዓመት ሞላው፤ ያስታወሰው ሰው እንኳ አልነበረም። እድሉ ድሮም ጠማማ ነው። የከፈተው ሱቅ ተቃጠለ፣ ያገባት ሚስት ጥላው ሄደች፣ አሁን ደግሞ አባቱ እየጃጁበት ነው።

እናቱ በወለደችው በሦስተኛው ቀን ሞታለች። ጨቅላውን አቅፈው ከመንደር የወጡት፣ ስም በተወለዱበት ቀን ይወጣልና የማክሰኞ ልጅ ነው ብለው የማክሰኞ ስም ያወጡለት፣ በዚህ ከተማ ለብቻቸው ያሳደጉት ኡ ካውንግ ናቸው። ዘመድ የሚባል አያውቅም። ስለዚህ ኪሱ ውስጥ የታጠፈው የአረጋውያን ማረፊያ ቅጽ ደረቱን እንደ ጠጠር ይቆረቁረዋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጠብቋቸዋል።

ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፦ «አረጋዊው የተወለዱበትን ቀን ያውቃሉ?» ዜያ «አያውቁም» ብሎ ሞልቷል። እዚህ አገር ዓመቱን የረሳ ሰው ይታለፋል፤ ሰኞ ይወለድ ማክሰኞ የጠፋበት ግን ራሱን የረሳ ነው።

መኪናውን በመከራ አቆመና ሁለቱም ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። እብነ በረዱ በፀሐይ ግሎ እግር ያቃጥላል። ዜያ በጣቶቹ እየቆመ ሲዘል ሽማግሌው ቀጥ ብለው ሄዱ። በጉልላቱ ዙሪያ እያንዳንዱ የሳምንት ቀን የራሱ ማዕዘን፣ የራሱ ምስልና የራሱ እንስሳ አለው። ሰው በተወለደበት ቀን ማዕዘን ቆሞ በዕድሜው ልክ፣ አንድ ጨምሮ፣ በኩባያ ውሃ ያፈሳል።

ኡ ካውንግ የሰኞን ነብር አለፉት። ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። እንደ ሁልጊዜው የቅዳሜው ዘንዶ ፊት ሄደው ቆሙና ኩባያውን አነሱ።

«ይኸው!» አለ ዜያ።

አበባ ሻጯ ዶ ምያ ከጥላዋ ስር ሳቀች። «ተዋቸው የኔ ልጅ። ሽማግሌና ሕፃን ያሻውን ነው።»

«የሰኞ ልጅ ሆነው ከዘንዶ ጋር ምን አላቸው?»

«እሱስ እውነትህን ነው። የቅዳሜ ዕጣ እሳት ነው፣ አይነካካም። እኛ መንደር ቅዳሜ የተወለደ በኩር ወላጁን ይበላል ተብሎ ለባዳ ይሰጥ ነበር። እናት የሞተችበትማ ማንም አይጠጋው።»

«እኛን አይመለከተንም። እሳቸው የሰኞ፣ እኔ የማክሰኞ» አለና ወደ አባቱ ሄደ።

ሽማግሌው እየቀዱ ያፈሳሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«አባባ፣ ነብሩ እዚያ ማዶ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ያውቃሉ! ሰማንያ አንድ ዓመትዎ ነው፤ ሰማንያ ሁለት ኩባያ ነው የሚያፈሱት። እርስዎ ገና እኩሌታውን አለፍ ሲሉ ጥለውት ይመጣሉ። በየሳምንቱ! ማዕዘኑ የሌላ ሰው፣ ቁጥሩ የማንም! እኔ ደግሞ ሥራ ፈትቼ እግሬን እጠብሳለሁ!»

ድምፁ ከፍ ብሎ ነበርና የሚጸልዩት ዞር ዞር አሉ። ዜያ አፈረ፤ ማፈሩም አናደደው።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማረፊያው ጋ እንሄዳለን። ነግሬዎታለሁ፣ ያስታውሳሉ?»

«አልረሳሁም። ቅርም አላለኝ፤ አንተም ደክሞሃል።» ኩባያውን ሞሉ። «እዚያ ከገባሁ ግን ይህን ማን ያፈሳል?»

«እዚያም የጸሎት ቤት አለ።»

«ዘንዶ አለው?»

ዜያ ቅጹን ከኪሱ መዞ አወጣ። ትዕግሥቱ አልቋል፤ እዚያው በሰው ፊት ጉዳዩን ሊቋጨው ፈለገ።

«እሺ፣ አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። የተወለዱት በምን ቀን ነው?»

«ሰኞ» አሉ ኡ ካውንግ፣ ሳያመነቱ። «ጎህ ሲቀድ። ዝናብ ነበር፣ እናቴ ስትነግረኝ።»

ዜያ ቅጹን እንደያዘ ቆመ። እንዲህ ጥርት ያለ መልስ አልጠበቀም።

«ታዲያ ካወቁ... እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

ሽማግሌው ዶ ምያ ወዳለችበት አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ልጃቸው እንዲሰማ መቁጠር ጀመሩ።

«አርባ አራት። አርባ አምስት። አርባ ስድስት።»

የመጨረሻውን በቀስታ አፈሰሱና እርጥቡን ኩባያ በዜያ እጅ አስያዙት።

«አርባ ሰባት» አሉ። «በሚመጣው ዓመት አርባ ስምንት ይሆናል፤ እንዳትረሳ።»