የሁለት ሰው ውሃ

አዲሱ መስመር ከተዘረጋ ወዲህ ቧንቧው የቤቱን ሰው ትንፋሽ እየቆጠረ፣ ለእያንዳንዱ በየቀኑ አንድ ጀሪካን ውሃ ይለቃል። ዛሬ ጠዋት ግን እትዬ የሺመቤት አንዱን ሞልተው ሁለተኛውን፣ የባለቤታቸውን፣ ሲደቅኑ ውሃው ቀጥ አለ። በንዴት የጥገና ሠራተኛውን ዮናታንን ጠሩት።

«ይሄ ነው ማሻሻያችሁ? የድሮው ዝገት ይሻለን ነበር!»

ዮናታን ቆጣሪውን ከፍቶ አየና ኮፍያውን አወለቀ።

«ቧንቧው ደህና ነው፣ እትዬ። ጋሼ የት ናቸው?»

«ተኝተዋል። ሲያስላቸው አድሮ ገና አሁን እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ድምፅህን ቀንስ።»

ዮናታን አቀረቀረ። እትዬ የሺመቤት ወደ መኝታ ቤቱ ሮጡ። ቆይተው ሲመለሱ ባዶውን ጀሪካን እንደያዙ ነበር።

«ገላቸውን የማጥብበትስ?»

«መስመሩ ለሬሳ አይለቅም፣ እትዬ።»

ሙሉውን ጀሪካን አነሱ።

«እንግዲያው በኔ ይታጠቡ። እኔ ነገ እጠጣለሁ።»