የኦቲስ ጁሌፕ

ሉዊቪል ውስጥ ሚስት የቀማ እንኳ ይታረቃል፤ የጁሌፕን የብር ጽዋ በመዳፉ ጨብጦ ቅዝቃዜው በላዩ ያረጋውን ነጭ ውርጭ በእጁ ሙቀት ያበላሸ ግን ምሕረት የለውም። ውስኪ፣ ስኳርና ናና በበረዶ የሚደባለቁበት ይህ መጠጥ ከቬልማ ቅድመ አያት ጀምሮ የፈረስ እሽቅድምድም ቀን መጠጥ ነው። ዛሬ ግን እየቀዳች በሩን በሩን ታያለች፤ የእሽቅድምድሙ መታጠፊያ ላይ አንድ ጋላቢ ከነፈረሱ ወድቆ ሞቷል ተብሏል፤ ማንነቱ ገና አልታወቀም። ልጇ ኦቲስም እየጋለበ ነበር።

በሩ ተከፈተና ኦቲስ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገባ።

«እማ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል።»

«እሰይ! እሰይ የኔ ጌታ!» ብላ ጁሌፑን አቀበለችው። እንደ ልማዱ በሁለት መዳፉ ጨበጠው።

«በጠርዙ ያዝ፣ አንተ ስድ!» አለች፣ እያለቀሰች እየሳቀች።

«ይቅርታ፣ እማ» ብሎ ጽዋውን መለሰላት።

ጠርዙን ይዛ ተቀበለችው። ውርጩ አንድ የጣት ምልክት እንኳ ሳያርፍበት ዙሪያውን እንደነጣ ነበር።