ክርስትና ያነሣው ሰው

«ያለ ክርስትና አባት አላጠምቅም፤ ሥርዓቱ አይፈቅድልኝም» ይላሉ ቄስ ፍሥሐ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጽር በር ይዘው።

«አባ፣ ልጁ እየሞተ ነው!» እላቸዋለሁ። የቆምኩት ከበሩ ውጭ ነው። ከወለድኩ ገና አራት ቀኔ ነው፤ አርባ ቀን ሳይሞላኝ ወደ ውስጥ አልገባም።

«ስለሚሞትማ ነው አርባ ቀኑን የተውኩለት። ውሃው ተዘጋጅቷል፣ ልጄ። ግን ማን ይያዘው? አንድ ወንድ አምጡልኝ።»

ወንድ ከየት ይመጣል? ጥልያን መጣ ሲባል የሀገሩ ሰው ከትናንት ጀምሮ ከብቱን እየነዳ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዷል። ባሌ ታረቀኝ ዱር ከገባ ስድስት ወሩ ነው። እዚህ የቀረነው ታቦቱን ጥዬ አልሄድም ያሉት ቄስ፣ እኔ፣ አማቴ ወለተ ሰንበትና በእቅፋቸው ያለው ልጄ ብቻ ነን።

ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ወጉ ቅቤ ስናውጠው ሰነበትን። የተጠቀለለበት ጨርቅ ሳይበላሽ ሲቀር አማቴ «ሆዱ ደርቆ ነው» ብለው ቅቤውን አበዙለት። እኔም «ይጨምሩለት» አልኩ። ዛሬ ማለዳ ሆዱ ተወጥሮ ሲያቃስት ፈቱትና እግሮቹን ከፍ አድርገው አዩ። እኔም አየሁ። መውጫ የለውም። ሊኖር የሚገባው ቦታ ላይ ቆዳው ድፍን ነው።

ከታች ከመንገዱ ኮቴ ይሰማል። አንድ ሰው በቅሎ እየሳበ ይወጣል። ካኪ ለብሷል፤ ጠመንጃ አንግቷል። ባንዳ ነው፤ ከጦሩ ቀድሞ መንገድ የሚያይ።

«ዝም በይ» ይላሉ አማቴ፣ ክንዴን ጨብጠው።

እኔ ግን እጠራዋለሁ። «ወንድሜ! ክርስቲያን ነህ?»

ይቆማል። «ታዲያ ምን መስዬሻለሁ?» አንገቱ ላይ ያለውን ማተብ በጣቱ ስቦ ያሳየኛል። «እንዳላማው እባላለሁ፤ የቁይ ሰው ነኝ።»

«ልጄን ክርስትና አንሣልኝ።»

«አብደሻል?» ይጮኻሉ አማቴ። «አባቱን የሚያሳድድ ሰው ልጁን ይታቀፍ? ታረቀኝ ቢሰማ ምን ይላል?»

ስሙን ከጠሩ በኋላ አፋቸውን በነጠላቸው ይይዛሉ። ሰውየው ሰምቷል።

«የታረቀኝ ልጅ ነው?»

«የታረቀኝ ነው» እለዋለሁ። ለመዋሸት ጊዜ የለኝም። «ኋላ ከፈለግህ ቤቴን አቃጥለው። አሁን ግን ልጄ ሳይጠመቅ ሞቶ ከቅጽሩ ውጭ እንዳይቀበርብኝ።»

ጠጋ ብሎ ልጁን ያያል። የሆነውን እነግረዋለሁ።

«ደብረ ማርቆስ የጥልያን ሐኪም አለ» ይላል ቀስ ብሎ። «እንዲህ ያለውን በምላጭ ይከፍታል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«መንገዱ ስንት ቀን ነው?»

«በበቅሎ ሁለት ቀን።»

ሁላችንም ልጁን እናያለን። ትንፋሹ አጭር ነው፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ከዚያ በኋላ ስለ ደብረ ማርቆስ የሚያነሣ የለም።

ሰውየው ጠመንጃውን ከካቡ ላይ ያስደግፋል፤ ጫማውን ያወልቃል፤ እጁን ይዘረጋል። አማቴ ልጁን ወደ ደረታቸው ያጠብቁታል። እኔን ያያሉ። ከዚያ ይሰጡታል፤ እሱም ልጁን ይዞ ቄሱን ተከትሎ ይገባል።

ከውጭ ሆኜ አዳምጣለሁ። ቄሱ ያስብሉታል፣ እሱም በልጄ ፈንታ ይመልሳል። «ሰይጣንን እክዳለሁ» የሚለው ጋ ሲደርስ ድምፁ ይጠፋል። ቄሱ ያስደግሙታል። ሁለተኛም ያስደግሙታል። በሦስተኛው ይሰማኛል።

ከዚያ የውሃው ድምፅ ይመጣል። ልጅ ውሃ ሲነካው ይጮኻል፤ እኔም ጩኸቱን እጠብቃለሁ። የኔ ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ ያቃስታል።

ሲወጡ የልጄ አንገት ላይ አዲስ ክር ታስሯል።

«ወልደ ሚካኤል ተብሏል፣ አበልጅ» ይለኛል እንዳላማው። አማቴ ፊታቸውን ወደ ካቡ አዙረው ያለቅሳሉ።

ልጄን ልቀበለው እጄን እዘረጋለሁ። እሱ ግን አይሰጠኝም፤ ከቆመበትም አይነቃነቅም። ልጄ አፉን ከፍቶ፣ ራሱን ወዲህና ወዲያ እያዞረ የሰውየውን ደረት ይፈልጋል። የካኪውን ቀዝቃዛ የናስ ቁልፍ ያገኝና በከንፈሩ ይዞ ይጠባል። ባንዳው ቁልፉ ከአፉ እንዳይወጣበት ትንፋሹን ይዞ ቆሟል።