ከፍራሽ ሥር
በኮሌጁ ሬጅስትራር ቢሮ ሐሰተኛ ማስረጃ በመያዝ መዝጋቢዋን የሚያክል አልነበረም። ባልደረቦቿ «ዓይንሽ ኤክስሬይ ነው» ይሏታል።

የዛሬዋ አመልካች ግን መስኮቱ ጋ የቀረበችው ባዶ እጇን ነበር።

«ሰርተፍኬትሽስ፣ እህቴ?»

«ማትሪክ ያለፍኩ ሰሞን ከፍራሼ ሥር ተሰረቀብኝ። አብራኝ ቤት የተከራየችው ልጅም በዚያው ጠፋች። እሷ ወድቃ ነበር።»

መዝጋቢዋ ቀና አላለችም። ድምፁን አውቃዋለች።

«ያለ ማስረጃ አንመዘግብም። ሂጂ።»

«እሄዳለሁ» አለች ሴትዮዋ፣ መስታወቱን በጥፍሯ ቀስ ብላ መታ መታ እያደረገች። «ስምሽን ብቻ ንገሪኝ።»

በመዝጋቢዋ እጅ የነበረው ማኅተም ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

ከጀርባዋ በሩ ተከፈተ፤ አንድ ባልደረባዋ አንገቱን ብቅ አድርጎ ተጣራ።

«ውብርስት!»

«አቤት» አሉ ሁለቱም ሴቶች።