የፌመስ ፈተና

በ1974 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ አንድ የአስጎብኚ ቦታ ክፍት ሆነ። የቀድሞው አስጎብኚ የተሰናበተው በአንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ሰበብ ነው። ሰውየው ዓምዱንም ፌመስ፣ ቁንጫውንም ፌመስ፣ ሽንት ቤቱንም ፌመስ እያለ ከርሞ፣ አንድ ቀን ፈረንጆች ሽንት ቤቱን ፎቶ ለማንሳት ተሰልፈው ተገኙ። ጉዳዩ እላይ ድረስ ሄደ።

ወዲያው ለዕጩዎች ሁሉ ደብዳቤ መጣ። ፈታኙ ቅዳሜ ማንነቱን ሳይገልጽ ይመጣል፤ «ፌመስ»ን በትክክል አረፍተ ነገር ውስጥ ያላስገባ ሰው ቦታውን አያገኝም።

ከዕጩዎቹ አንዱ ደባሱ ነው፤ ይህን ሥራ ካላገኘ አለቀለት። ብልባላ ወርዶ አማቱ ቤት ገብቶ ማረስ ነው። አማቱ አያ ታፈረ ደግሞ ጎረቤት በሦስት ጋራ ርቆ የሚሰማቸው ሰው ናቸው። ገና ፈተናው ሳይደርስ «በሬዎቹን አቀልብለታለሁ፤ ይምጣ ብቻ!» ብለው ልከውበታል።

ስለዚህ የእንግሊዝኛ አስተማሪዋን ይማርሽን ለመናት።

«ፌመስ ማለት ዝነኛ፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው ማለት ነው» አለችው። «በል አረፍተ ነገር ሥራ።»

«ማይ ሚዩል ኢዝ ፌመስ።» በቅሎዬ ዝነኛ ናት ማለቱ ነው።

«በቅሎህን ደግሞ ማን ያውቃታል?»

«ኧረ ቲቸር! ብልባላ ድረስ ያውቋታል እኮ። ቄሰ ገበዙን ጥላ የለም እንዴ!»

«እኔ የምልህ አገር ምድሩ የሚያውቀውን ነው! በምን እንደታወቀም ጨምር። ፎር በል፣ ፎር።»

ደባሱ የአብነት ትምህርት ቤት ልጅ ነውና የሰጠችውን ሁሉ እንደ ዳዊት ሸመደደው። ሚስቱ አገሬ በእንቅልፉ ሲያዜመው ሰምታ ጠበል ልትረጨው ምንም አልቀራት።

ቅዳሜ ማለዳ የወንድሙን ኮት ለብሶ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቶ፣ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ተገተረ። ብዙም አልቆየ፤ ካኪ የለበሰና ደብተር የያዘ የማያውቀው ሰው ብቅ አለ። ጫማው አቧራ ጠግቧል፤ የካኪው እጅጌ ጣቶቹን ሸፍኗል።

«አይ ተንኮል!» አለ ደባሱ በልቡ። «መኪናውን ሩቅ አቁሞ በእግሩ መጣ፣ እኔን ሊያታልል። ልብሱም የሰፋው በሥራ ብዛት ከስቶ ነው፤ ምስኪን።»

ሰውየው ደባሱን ከላይ እስከ ታች አየው። ዓይኑ እስክሪብቶዎቹ ላይ ቆየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

«እንደምን አደሩ ጓድ? ከፋለ እባላለሁ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደባሱ ነኝ። እርስዎስ እንደምን አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንግዲህ... ብንጎበኝስ?»

«ኧረ በደስታ! ይቅደሙ።»

«በፍጹም! እርስዎ እያሉማ አልቀድምም።»

«በሞቴ!»

«እኔ ልሙት!»

መውረጃው ላይ እንዲህ ሲባባሉ፣ ከኋላቸው የነበሩት መነኩሲት እማሆይ ወለተ ሐና ትዕግሥታቸው አለቀ። «ምነው፣ ቅዳሴ ሊያመልጠኝ ነው እኮ!» ብለው ሁለቱንም በክርናቸው ከፍለው አለፉ።

ደባሱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ላሊበላ ኢዝ ፌመስ ፎር ኢትስ ቸርችስ!» አለ፤ ድምፁ ዜማ ዜማ አለበት። ላሊበላ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዝነኛ ነው ማለቱ ነው።

ከፋለ ምንም አልተነፈሰም። ብቻ ቶሎ ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈው። ደባሱ ደስ አለው። በአብነት ትምህርት ቤት መምህሩ አፍ የሚያወጡት ተማሪው ሲሳሳት ነው፤ ዝም ካሉ ልክ ነው።

ጥቂት ቆይቶ ከፋለ ራሱ «ዋድላ ኢዝ ፌመስ ፎር ባርሌይ» አለና ዓይን ዓይኑን ያየው ጀመር። ዋድላ በገብሱ ዝነኛ ነው ማለቱ ነው።

ደባሱን ላብ አጠመቀው። ወጥመድ ናት! ልክ ነው ቢል ድፍረት፣ ስሕተት ነው ቢል የባሰ ድፍረት። ዝም አለ። ከፋለ በረጅሙ ተንፍሶ «ተመስገን» ሲል ሰማው።

«ቸኩዬ አለመመለሴ ደስ አሰኘው» ብሎ ተጽናና።

ምሳ አሰለች ምግብ ቤት ገቡ። አንዱ ሌላውን «ይጀምሩ» ሲል፣ ሌላው «ኧረ እርስዎ» ሲል ሽሮው በረደ። አሰለች ወገቧን ይዛ መጣች።

«ወይ ጉድ! ሽሮዬን ልትበሉት ነው ወይስ ልትሰናበቱት?»

ከሰዓት በኋላ የደባሱ አረፍተ ነገር አለቀ። ማሩን ብሏል፣ ተራራውን ብሏል፣ ጥምቀቱንም ብሏል። ሲጨንቀው አፉ ላይ የመጣለትን ወረወረ፦ «ታፈረ ኢዝ ፌመስ ፎር ሻውቲንግ!» አማቴ በጩኸታቸው ዝነኛ ናቸው ማለቱ ነው።

ወዲያው አመድ ሆነ። ከፋለ ግን ሳቀ፤ የአለቃ ጨዋታ እንደሚሳቅለት እንባው እስኪፈስ ሳቀና ይህችንም ጻፋት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አፋፉ ላይ ተመልሰው ቆሙ። ከፋለ ደብተሩን አጠፈ። ፊቱ ኮስተር አለ። አንድ እርምጃ ቀረበ።

«መጣች» አለ ደባሱ በልቡ። የአያ ታፈረ በሬዎች ዓይኑ ላይ ሄዱበት። እጁን አጣምሮ አንገቱን ደፋና ፍርዱን ጠበቀ።

ከፋለም እጁን አጣምሮ አንገቱን ደፋ።

«ጓድ ፈታኝ፣ ከዋድላ ኮን ድረስ በእግሬ ነው የመጣሁ፤ እባክዎን አያስጨንቁኝ፣ አልፌያለሁ?»