ውሃው አልጠራ አለ

የናዝሬቱ ሆቴል ከተወረሰ ወዲህ በሳሎኑ የነበረው ትልቅ የመስታወት የዓሣ ገንዳ የሲጋራ ቁራጭ መጣያ ሆኖ ከርሟል። በ1978 ዓ.ም. ሥራ አስኪያጁ ጓድ ወዬሳ ለአብዮት በዓል ከአዲስ አበባ የሚመጡትን እንግዶች በምን እንደሚያስደምም ሲያወጣ ሲያወርድ ገንዳው ትዝ አለውና የባዮሎጂ አስተማሪውን ኃይለየሱስን አስጠራው።

ኃይለየሱስ ወደ ሰፈራ ጣቢያ እንዲዘምቱ ከተመደቡት መምህራን አንዱ ነበር። የሚስቱ ወንድም ባለፈው ዙር ዘምቶ ወባ እዚያው አስቀርቶታል፤ ስለዚህ በቤታቸው የዘመቻ ነገር አይነሳም።

«የዘመቻውን ጉዳይ ለእኔ ተወው» አለው ጓድ ወዬሳ። «አንተ ገንዳው ላይ ሕይወት ዝራበት። ውሃው ጠርቶ ዓሣዎቹ ሲለምዱ ያኔ ትሄዳለህ።»

ኃይለየሱስን ሥራው ልቡን ወሰደው። ጠጠሩን ከአዋሽ፣ የውሃ ውስጥ ሣሩንና ጣት የሚያካክሉትን የቆሮሶ ዓሣዎች ከዝዋይ አስመጣ። ጓድ ወዬሳ ያለውን አንዴ ከነገራት ወዲህ፣ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ለሸዋወርቅ የሚያወራው ስለ ገንዳው ብቻ ነው።

«ጠላታችን አሞኒያ ነው። ዓሣው የሚያስወጣውም፣ ተርፎ የሚበሰብሰው ምግብም አሞኒያ ይሆንና መተንፈሻቸውን ያቃጥለዋል። ጠጠሩ ላይ ባክቴሪያ ሲራባ ግን አሞኒያውን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬቱን ሣሩ ይመገበዋል፤ የተረፈውን እኔ ውሃ እየቀየርሁ አወጣዋለሁ። ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው።»

«ምግብ ሲበዛም ይሞታሉ ማለት ነው?» አለች ሸዋወርቅ።

ስለ ትምህርቱ ጠይቃው ስለማታውቅ ደስ አለው። «እንዴታ! የእኛ ውሃ ደግሞ ሶዳ አለበት፤ አሞኒያው ይብስበታል።»

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሰምሮለት ነበር። ከትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ያመጣውን የአሞኒያ መለኪያ ፈሳሽ በብርጭቆ በቀዳው ውሃ ላይ ጠብ ሲያደርግ እንደ ጠላ ይጠቁር የነበረው፣ ቀስ በቀስ ወደ ፈዛዛ ቢጫ ወረደ። «ሊጠራ ነው!» ብሎ ቤቱ ገባ። በማግስቱ ሲመለከት ዓሣዎቹ ላይ ላዩን አፋቸውን እየከፈቱ ያጣጥራሉ። ጠብታውን ጨመረ፤ ውሃው ጠቆረ።

ከፊሉን ውሃ ቀየረ። ምግብ ቀነሰ። የሞተ ቅጠል ለቀመ። ውሃው ተሻለው። «አሁንስ አበቃ» አለ ለሸዋወርቅ። ብዙም ሳይቆይ እንደገና ጠቆረ። ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ ጠጠሩ አልተነካም፣ አሞኒያው ግን ከየት እንደሚመጣ እንጃ። ኃይለየሱስ አንጀቱ አረረ። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹን በትንሽ በትልቁ ይቆጣ ጀመር።

ቀስ በቀስ ጥርጣሬው በጽዳት ሠራተኛዋ በዙለይካ ላይ አረፈ። ከወሎ የመጣች ጠና ያለች ሴት ናት፤ መስታወቱን ጠዋት ጠዋት የምትወለውለው እሷ ነች።

«መምህር፣ የአላህን ፍጡር በመስታወት ማሰር ምን ይሉታል? ይልቀቋቸው እባክዎ» ትለዋለች በየጊዜው።

አንድ ቀን እጇን ገንዳው ውስጥ ከትታ አገኛት። የሞተ ዓሣ እያወጣሁ ነው አለች። አላመናትም።

ከዚያ ወዲህ፣ ሸዋወርቅ እንደ ልማዷ ምሳ ይዛለት ስትመጣ እሱ ወደ ላቦራቶሪ ብቅ ይላል። «ሸዋዬ፣ እስክመለስ ዓይንሽን ከዚያች ሴትዮ ላይ እንዳትነቅይ» ይላታል። ሸዋወርቅም እሺ ትላለች። ዙለይካ ግን ወንበር ትስብላትና «ተቀመጪ እንጂ ልጄ» እያለች ስለ ልጆቿ ታጫውታታለች።

በመጨረሻ ሣሩን ሲገልጥ የበሰበሰ የጉበት ቁራጭ አገኘ። ጓድ ወዬሳ ቢሮ ወስዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ይሄ አሻጥር ነው!» ጓድ ወዬሳ ብድግ አለ። «ገንዳው ዘንድ ማን ማን ይደርሳል?»

«ከእኔና ከዙለይካ በቀር ማንም።»

የአብዮት ጠባቂዎች መጥተው ዙለይካን ከነመወልወያዋ ወሰዷት። በበሩ ስታልፍ ዞር ብላ አየችው። «እኔ ነኝ፣ መምህር? ኧረ እኔን ነው?» አለች። ኃይለየሱስ አቀርቅሮ ጠጠሩን ማጠብ ቀጠለ።

ማታ ነገሩን ሲነግራት ሸዋወርቅ እጇን ከመሶቡ ሰበሰበች።

«ልጆች አሏት እኮ» አለች።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ሌላ ሰው የለ! ስንት የደከምኩበትን ነገር ነው አፈር ያበላችው።»

በማግስቱ ምሳ እንደወትሮው መጣለት። ውሃውም ደህና ነበር። ኃይለየሱስ እፎይ ብሎ፣ ላቦራቶሪ ደርሶ ተመልሶ፣ ለእንግዶቹ የሚሰቀለውን ማስታወቂያ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብሎ በቀይ ቀለም ጻፈ።

ሲነጋ የሳሎኑ ሽታ ከበር ተቀበለው። ዓሣዎቹ አንድም ሳይቀሩ በጀርባቸው ተንሳፍፈዋል። በሣሩ ሥር፣ በጠጠሩ መሃል፣ በየጥጉ ጉበት አለ፤ ካለፈው እጅግ ይበልጣል። የተደበቀም አይመስልም።

የቀበሌው ሊቀመንበር መጥቶ አየ። እስረኛ ከእስር ቤት ወጥታ ይህን ልታደርግ አትችልም። ዙለይካ በዚያው ቀን ተፈታች። ጓድ ወዬሳ በብስጭት ገንዳው እንዲደርቅ አዘዘ፤ ለኃይለየሱስም በሰኞው መኪና ከዘማቾቹ ጋር እንዲሳፈር ተነገረው።

ቤቱ ሲገባ ሸዋወርቅ ወሬውን ቀድማ ሰምታ ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ትከታለች። ዓይኗ አብጧል። አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ አለ።

«ሁሉም ይቅር» አለ። «እኔን የሚያበግነኝ ጉበቱን የከተተው ሰው ጅልነት ነው። ዙለይካ ታስራለታለች፤ ዝም ቢል ነገሩ በእሷ ተላክኮ ይቀር ነበር። ምን ነካው?»

ሸዋወርቅ ሸሚዙን አጥፋ ከሌሎቹ ልብሶች ላይ አስቀመጠችው።

«እሷ በእኔ ፋንታ ታስራ ዝም ልበል?» አለችው።