እጅ ወደ ላይ

ሸዋዓለም መጥረጊያዋን ከበሩ ኋላ አቆመች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገችና ወደ መጋረጃው ሄደች። ስንት ዓመት ሙሉ ያንገበገባት ይኸው መንገድ ነው፤ ከመጥረጊያው እስከ መጋረጃው ያለው። ወዲህ ስትሆን ጽዳት ናት፣ ወዲያ ስትሻገር የሴት ፈታሽ። ደመወዟ ግን ወዲህ ቀርቷል።

ባንኩ ከተወረሰ ወዲህ ሳይፈተሽ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሠራተኛ የለም። ወንዶቹን ዘበኛው በድሉ ይፈትሻል። ሴት በወንድ እጅ አትዳሰስምና፣ «ሰው እስኪቀጠር አንቺ ያዢልን» አሏት። ያዘች። ሰው ሳይቀጠር ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ። በድሉ የጥበቃ ደመወዝ አለው፣ ካፖርት አለው፣ ጫማ አለው። እሷ ያችው የጽዳት ሃምሳ ብሯ። በጠየቀች ቁጥር «ጥያቄሽ ተይዟል» ይሏታል። ላም አለኝ በሰማይ!

መጋረጃው ፊት ሴቶቹ ቦርሳቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ከሁሉ ፊት ነፊሳ ናት፣ ካሸሯ። ደመወዟ ከተቀጠረችበት ቀን ጀምሮ ፈቅ አላለም። ከብዙ ደጅ መጥናት በኋላ መልቀቂያዋን አግኝታ፣ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ካለው ያጎቷ ጨርቅ መደብር ልትገባ ነው። ዛሬ የመጨረሻ ቀኗ ነው። ከሷ በፊት አምሳሉ ሄዷል፤ ከሱ በፊት ትዕግሥት። የቀሩትም ልባቸው ከሄደ ቆይቷል።

«እትዬ ሸዋ፣ ቶሎ ይበሉኝማ፤ አውቶቡሱ ጥሎኝ ሊሄድ ነው።»

«እጅ ወደ ላይ የኔ ልጅ። ለሠርጌ ጨርቅ በቅናሽ ትለኪልኛለሽ?»

«ለእርስዎ ሠርግማ በነፃ! ብቻ ሙሽራው ይገኝ!»

ሴቶቹ ሳቁ። በድሉ ሳይቀር ከበሩ ሆኖ ሳቀ።

ሥራ አስኪያጁ ጓድ ሀብተ ማርያም ከቢሮው ሲወጣ ሳቁ ተቆረጠ።

«ሸዋዓለም! ይቺን እንደሌላው አይደለም። ልብሷን አስወልቀሽ ፈትሺ።»

«ምን ጠፋ ጌታዬ?»

«ጓድ በይ።»

«ምን ጠፋ፣ ጓድ?»

«የጠፋ ነገር የለም። ለሆዱ ብሎ የሰፊውን ሕዝብ ባንክ ጥሎ የሚሄድ ሰው ግን ምን ይዞ እንደሚሄድ አይታወቅም። ለቀሩትም ትምህርት ይሆናቸዋል።»

ከራሱ በላይ «ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ» የሚለው ቀይ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። በየዓመቱ ለሴቶች ቀን አጥባና ተኩሳ የምትሰቅለው ሸዋዓለም ናት። መሠረተ ትምህርት ገብታ ፊደል ስትቆጥር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሰው እርዳታ ያነበበችውም ያንኑ ጨርቅ ነው።

ነፊሳ እጇን እንዳነሳች ቀረች።  ሸዋዓለምን አየቻት።

«አልፈትሽም» አለች ሸዋዓለም።

«ምን አልሽ?»

«የምትከፍሉኝ ለመጥረግ ነው። ጠርጌያለሁ፣ ወለሉን ይዩት። ለመፈተሽ የሚከፈለው በድሉ ነው፤ እሱ ይፈትሻት።»

«ኧረ በማርያም!» አለ በድሉ። «ሸዋ፣ እኔን ምን ውስጥ ትከቺኛለሽ?»

«ይኼ አሻጥር ነው!» ጓድ ሀብተ ማርያም ጮኸ። «አሁን ቀበሌ እደውላለሁ! ሳትፈተሽ አንዲትም ሴት ከዚህ በር አትወጣም!»

አሻጥር። የጎረቤቷ የተናኘወርቅ ልጅ በዚሁ ቃል ከጌጃ ሰፈር ተወስዶ እስካሁን አልተመለሰም። እናቱ ዛሬም ድረስ በሯን ሳትቀረቅር ታድራለች። ጓድ ሀብተ ማርያም ወደ ቢሮው ተመለሰ። ሸዋዓለም ከውስጥ የስልኩ ቁጥር ሲሽከረከር ይሰማታል።

ሽርጧን ፈታችና መጋረጃው ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ቀጥ ብላ ሄዳ በድሉ ፊት ቆመች፣ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አነሳች።

«ፈትሸኝ።»

በድሉ መሬት መሬቱን አየ። እጁ ከካፖርቱ ኪስ አልወጣም።

«ደንቡ ነው፣ ፈትሸኝ እንጂ! ካልነካኸኝ በሩን ልቀቅ።»

ዘበኛው ገለል አለ።

ውጪ ያካፋል። ሸዋዓለም እጆቿን እንዳነሳች ደረጃውን ወረደች። ከመንግሥት በር እጇን ወደ ላይ አድርጋ የምትወጣ ሴት ያየ መንገደኛ ሁሉ ወሬውን አቋረጠ። ሎሚ ቸርቻሪዋ መደቧ ላይ አጎነበሰች። አንድ ሰውዬ ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ሳብ አድርጎ ወደ ማዶ ተሻገረ። የሚያውቋት የልደታ ሰፈር ሰዎች ነበሩ፤ አንድም ቀና ብሎ ያያት የለም።

ከኋላዋ የነፊሳ ጫማ ደረጃውን ሲወርድ ሰማች። ዞራ አላየችም። ዝናቡ በእጅጌዋ እየገባ እስከ ብብቷ ይወርዳል፣ ክንዷ ዝሏል፤ እጆቿን ግን አላወረደችም።